የቱ ኪዳነ ምሕረት? ከዓድዋው ካርታ እስከ ኪሳችን ካርታ

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ሌሊቱ ሳይነጋ፣ ጄኔራል አልቤርቶኒ ብርጌዱን ይዞ አንድ ኮረብታ ላይ ደረሰ። ዋና አዛዡ ጄኔራል ባራቲየሪ ለጦር መሪዎቹ ባደለው የንድፍ ካርታ ላይ ቦታው «ኪዳነ ምሕረት» ተብሎ ተጽፏል። በትእዛዙ መሠረት አልቤርቶኒ ሥራውን ጨርሷል። የቀረው እዚያው ሆኖ ሌሎቹን ብርጌዶች መጠበቅ ነበር። አብረውት የነበሩት የአገሬው መንገድ መሪዎች ግን ኪዳነ ምሕረት ይህ እንዳልሆነ፣ እውነተኛው ገና ወደፊት እንደሆነ ነገሩት። ጥቂት ቆየና ጉዞውን ቀጠለ።

መንገድ መሪዎቹ ልክ ነበሩ። ስህተቱ የካርታው ነው። ሆኖም አልቤርቶኒ እውነተኛውን ኪዳነ ምሕረት ፍለጋ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ሄደና ከሌሎቹ ብርጌዶች ተነጠለ። ሲነጋ ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ፊት ተገኘ። የጣሊያን ብርጌዶች ተጋግዘው መዋጋት ስላልቻሉ በየተራ ተመቱ። ድሉ በደምና በአጥንት የተገኘ እንጂ የካርታ ስጦታ አይደለም። ከዓድዋ የስለላ ታሪክ ብዙዎቻችን የምናስታውሰውም ባሻይ አውዓሎምን ነው። ነገር ግን የዘመኑን ጦር ዘመናዊ መሣሪያ ይዞ ለመጣ ሠራዊት፣ በወረቀት ላይ ያለው ስም እና ባላገሩ የሚጠራው ስም መለያየቱ ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ የጦር ታሪክ ጸሐፊዎች ደጋግመው ጽፈውታል።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ስለ ጦርነት ለማውራት ሳይሆን በየኪሳችን ስለያዝነው ካርታ ለማውራት ነው። አንድን ቦታ የሚያውቀው ማን ነው? ስሙንስ የሚያወጣለት ማን ነው? ዕውቀቱ በሰው አፍ ሲኖር ባለቤቱ ሰፈርተኛው ነው። ወደ ስልክ ሲገባ ግን ባለቤቱ ይቀየራል። የስልክ ካርታ ብዙ ነገር ሰጥቶናል፤ ምን እንደሰጠን ከዚህ በታች አልክድም። የእኔ ሙግት ሌላ ነው፦ በምላሹ ምን አሳልፈን እንደሰጠን አላስተዋልንም፤ ጉዳዩ ደግሞ ለአዲስ አበባ እንደዛሬው አንገብጋቢ ሆኖ አያውቅም።

(የውጭዎቹን ዓመቶች በእ.ኤ.አ. ነው የጻፍኩት።)

*በአፍ የተጻፈች ከተማ*

«ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ ታሪክ ነው። አዲስ አበባ ስትቆረቆር መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ሰፈሩ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር የመሳሰሉት ስሞች የዚያ ዘመን አሻራ ናቸው። የእጅ ሙያተኞቹ የሰፈሩበት ሠራተኛ ሰፈር ተባለ። በአምስቱ ዓመት ወረራ ጣሊያን ለአገሬው ሰው ገበያ ብሎ የለየው ቦታ መርካቶ ሆኖ ቀረ። ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣሊያን ተቋም ምኅጻረ ቃል ደግሞ በእኛ አፍ ተሟሽቶ ካዛንችስን ወለደ። ከዚያ ቄራ፣ ጎተራ፣ ሰንጋ ተራ፣ አውቶቡስ ተራ ተከተሉ። ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ላለች አገር ውለታ የተሰጠ የአደባባይ ስም ነው። ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ የረዳቱን ጩኸት የሚሰማ ሰው፣ ልብ ቢል፣ የመቶ ዓመት ታሪክ እየሰማ ነው የሚሄደው።

በመዝገብ ደረጃ ቤቶቻችን ቁጥር አላቸው። ቁጥሩ ግን ለመታወቂያና ለቅጽ መሙያ ነው እንጂ በእርሱ ቤት ፈልጎ ያገኘ እንግዳ ስንቱ ነው? እኛ የምንሰጠው አድራሻ ሌላ ነው፦ «ታክሲው መጨረሻ ላይ ውረድ፤ ከፋርማሲው ጎን ያለችውን ቀጭን መንገድ ይዘህ ግባ፤ ሱቁ ጋ ስትደርስ የእነ እንትና ቤት ብለህ ጠይቅ።» ለፈረንጅ ይህ ኋላ ቀርነት ሊመስለው ይችላል። በእኔ ዐይን ግን የሚሠራ ሥርዓት ነው። ባለሱቁ፣ ሊስትሮው፣ ጉልት የምትሸጠው እናት፣ የግቢው ጥበቃ ሁሉም የካርታው አካል ናቸው። ካርታው በየቀኑ ይታደሳል፤ ማን እንደታመመ፣ ማን ቤት እንደቀየረ ጭምር ይናገራል።

*የሰማዩ ካርታ ከየት መጣ?*

አሁን ከሰፈራችን ወጥተን ወደ ሰማይ እንመልከት፤ በስልካችን ላይ የምትንቀሳቀሰው ሰማያዊ ነጥብ የመጣችው ከዚያ ነውና።

ጥቅምት 1957 ሶቭየት ኅብረት ስፑትኒክን ስታመጥቅ፣ አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለ ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ጋየር እና ዋይፈንባክ የተባሉ ሁለት ወጣት ሳይንቲስቶች የሳተላይቷን የሬዲዮ ድምፅ ያዳምጡ ጀመር። ድምፁ ስትቀርብ ይቀጥናል፣ ስትርቅ ይወፍራል። ከዚህ ለውጥ ብቻ ተነሥተው ሳተላይቷ የት እንዳለች አሰሉ። ከዚያ ጥያቄው ተገለበጠ፦ ሳተላይቷ የት እንዳለች ካወቅን፣ ምድር ላይ ያለው አድማጭ የት እንዳለ ማወቅ አንችልም? የመጀመሪያው የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ ሥርዓት «ትራንዚት» የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው። የተሠራው ግን መንገድ ለጠፋበት መንገደኛ አልነበረም፤ የኑክሌር ሚሳኤል ለሚሸከሙ ሰርጓጅ መርከቦች ነበር።

ዛሬ የምንጠቀምበት ጂፒኤስም የወታደር ልጅ ነው። ሥራው በ1973 ተጀመረ፤ የመጀመሪያዋ ሳተላይት በ1978 መጠቀች። አሠራሩ ቀላል ነው። ሳተላይቶቹ ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆነው፣ እጅግ ትክክለኛ በሆነ የአቶሚክ ሰዓት እየተመሩ፣ «እኔ እዚህ ነኝ፤ ሰዓቱ ይህ ነው» እያሉ ያለማቋረጥ ይለፍፋሉ። ስልካችን ቢያንስ የአራቱን ልፈፋ ይሰማና፣ ምልክቱ ለመድረስ በፈጀበት ጊዜ ርቀቱን አስልቶ ያለንበትን ቦታ ያገኛል።

ይህ የጦር መሣሪያ ወደ ሲቪሉ እንዲመጣ በር የከፈተው ሐዘን ነው። መስከረም 1 ቀን 1983 ከኒው ዮርክ ተነሥቶ በአላስካ በኩል ወደ ሴኡል ይበር የነበረ የደቡብ ኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን መስመሩን ስቶ የሶቭየት ኅብረት የአየር ክልል ውስጥ ገባ። ተዋጊ ጄት መትቶ ጣለው፤ 269 ሰዎች አለቁ። በዚያው ወር የፕሬዚዳንት ሬገን መንግሥት፣ ጂፒኤስ ሲጠናቀቅ ለሲቪል አገልግሎት በነፃ ክፍት እንደሚሆን አስታወቀ።

በነፃ ቢሰጥም ሙሉውን አልሰጡም። የአሜሪካ ጦር ለሲቪሉ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ያደበዝዘው ነበር። ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርሳል፤ በአዲስ አበባ መለኪያ 100 ሜትር ማለት ሌላ መንደር ማለት ነው። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ማደብዘዙ እንዲቆም ያዘዙት በግንቦት 2000 ነው። ቀሪው በፍጥነት ሆነ፤ በ2005 ጉግል ማፕስ መጣ፣ በ2007 አይፎን ተከተለ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ «ወደ ግራ ታጠፍ» የሚል ድምፅ በተራ ሰው ኪስ ውስጥ ገባ።

ሩሲያ ግሎናስን፣ አውሮፓ ጋሊሊዮን፣ ቻይና ቤይዱን የገነቡት ገንዘብ ተርፏቸው አይደለም። የመንገዱ ቁልፍ በሌላ አገር ጦር እጅ መሆኑ እንቅልፍ ስለነሣቸው ነው። ትልልቆቹ አገሮች ጥያቄውን ገና ድሮ ጠይቀውታል።

*መንገድ ማወቅ ሀብት ነበር*

ወደ ሰው ኑሮ እንመለስ። የለንደን ጥቁር ታክሲ ሹፌር ለመሆን «ዘ ኖውሌጅ» የሚባል ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ከከተማዋ መሐል ዙሪያ ያሉ 25 ሺህ ገደማ መንገዶችን በቃል መያዝን ይጠይቃል፤ ዓመታት ይፈጃል። በ2000 ኤሊኖር ማጓየር የተባሉ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር የእነዚህን ሹፌሮች አንጎል አጥንተው፣ የቦታ ትዝታን የሚይዘው ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍል የኋላ ጎኑ ከሌላው ሰው ይልቅ የሰፋ ሆኖ አገኙት። በሥራው ላይ ብዙ ዓመት በቆየ ሹፌር ልዩነቱ ይበልጥ ጎልቶ ታየ።

ስለ ለንደን ሹፌሮች ስናነብ የራሳችን ወገኖች ትዝ ሊሉን ይገባል። ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ታክሲ የብዙ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች መተዳደሪያ ሆኖ ኖሯል። እስከ 2008 ድረስ ሒሳቡ የሚሰላው በሜትር ሳይሆን ከተማዋን በዞን በከፈለ ካርታ ነበር። ሹፌሩ ዞኑን፣ የመንገዱን አቋራጭ፣ የኤምባሲውንና የሆቴሉን መግቢያ በጭንቅላቱ ይዞ ይዞራል። ቋንቋው ገና ላልተፈታለት፣ ዲግሪው በአዲሱ አገር ላልሠራለት ሰው ይህ ዕውቀት ካፒታል ነበር። በላቡ ያገኘው፣ ማንም የማይነጥቀው ይመስል ነበር። በ2011 ማብቂያ ኡበር ወደ ከተማዋ ገባ። ከዚያ በኋላ ስልክና መኪና ያለው ማንኛውም ሰው መንገዱን «ያውቃል»። ለተሳፋሪው እሰየው ነው፤ ለአዲስ መጪውም የሥራ በር ተከፈተለት። ለነባሩ ሹፌር ግን የሃያ ዓመት ዕውቀቱ በአንድ ጀምበር ዋጋ አጣ። ቴክኖሎጂ የሠራተኛን ሙያ ወደ ኩባንያ ንብረት የሚለውጠው እንዲህ ነው፤ በአዋጅ ሳይሆን በምቾት።

ጉዳቱ የኪስ ብቻም ላይሆን ይችላል። ካናዳ ውስጥ ዳህማኒ እና ቦቦት የተባሉ ተመራማሪዎች በ2020 ባወጡት ጥናት፣ በሕይወት ዘመናቸው ጂፒኤስን አብዝተው የተጠቀሙ ሹፌሮች ያለ መሣሪያው መንገድ ሲፈልጉ የቦታ ትዝታቸው ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። ከሦስት ዓመት በኋላ እንደገና ከተፈተኑት መካከልም አብዝተው የተጠቀሙት የበለጠ ቀንሰው ታይተዋል። የተጠኑት ሰዎች 50 ብቻ ስለነበሩ ከዚህ ተነሥቶ «ስልክ አንጎል ይበላል» ማለት ማጋነን ነው። አቅጣጫው ግን ከተለመደው ልምድ ጋር ይስማማል፦ በስልክ እየተመራን አሥር ጊዜ የሄድንበትን መንገድ ስልኩ ሲጠፋ ማግኘት ይቸግረናል። ዐይናችን ነጥቧን እንጂ መንገዱን አላየማ!

ማኅበረሰብም ይጎዳል። ኒው ጀርሲ ውስጥ ሊዮኒያ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ወደ ኒው ዮርክ በሚወስደው ትልቅ ድልድይ አጠገብ። ዋናው መንገድ ሲጨናነቅ የስልክ ካርታዎቹ ሹፌሮችን በሰፈር ውስጥ ለውስጥ ይልኳቸው ጀመር። ነዋሪው ከገዛ ግቢው መኪናውን ማውጣት ተቸገረ። በ2018 የከተማዋ አስተዳደር 60 ገደማ መንገዶችን ሰው ወደ ሥራ በሚገባበትና በሚወጣበት ሰዓት ነዋሪ ላልሆነ ሹፌር ዘጋ። ለእያንዳንዱ ሹፌር የሚበጀው አቋራጭ ለሰፈሩ መከራ ሲሆን፣ ማንም ሳይመርጠው የትራፊክ ፖሊስ የሆነውን ፕሮግራም ማን ይጠይቀዋል?

*የሰጠንን አንካድ*

መንገድ መጠየቅን እንደ ገነት አድርጎ ማውራት ለወንድ ቀላል ነው። በምሽት ብቻዋን የምትሄድ ሴት የማታውቀውን ሰው መንገድ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚያስፈራት ጠይቋት። ሰፈርተኛው ሁሉ ማን ወደ ማን ቤት እንደመጣ ማወቁም ሁልጊዜ በረከት አይደለም። ከክፍለ ሀገር ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ልጅ በደላላና በአጭበርባሪ እጅ ሳይወድቅ አውቶቡስ ተራን ማለፍ መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ቤሩት ወይም ሪያድ ውስጥ የምትሠራበትን ሰፈር ስም እንኳ ሳታውቅ በር የተቆለፈባት እህት፣ ያለችበትን ቦታ በስልኳ ልካ ሊደርስላት ለሚችል ሰው ማሳወቅ መቻሏ ከዳርቻ እስከ ዳርቻ የሕይወት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ስልኩን እንጣል የሚል ሰው ካለ እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም።

*የፈረሰ ሰፈር በማን ካርታ ይኖራል?*

አሁን ወደ ዛሬዋ አዲስ አበባ። እዚህ ድረስ የስልኩ ካርታ ሙሉ በሙሉ አላሸነፈንም። በመተግበሪያ መኪና የጠራ ሰው ቦታውን ስልኩ ላይ አስቀምጦ ቢልክም ሹፌሩ ይደውላል፦ «የት ጋር ነህ? ምን አጠገብ?» ቴክኖሎጂው ከሰማይ ወርዶ የመጨረሻዋን 50 ሜትር የሚጨርሰው በአፍ ካርታ ነው።

ያ የአፍ ካርታ ግን መሬት ላይ የቆመ ምልክት ይፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ፈረሱ። በ2017 ዓ.ም. ካዛንችስ ተከተለ፤ ብዙዎቹ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራ ሄዱ። ስለ ኮሪደር ልማቱ ጥቅምና ጉዳት ብዙ ተብሏል፤ እዚህ የማነሣው አንድ ያልተባለ ነገር ነው። «ከፋርማሲው ጎን» የሚለው አድራሻ ፋርማሲው ሲፈርስ አብሮ ይሞታል። የሚጠየቀው ባለሱቅም፣ የሚመልሰው ጎረቤትም የለም። መንገዱ ሰፍቶ አምሮበታል፤ ግን የሚያውቀው ሰው በከተማዋ ዳርቻ ነው። እዚያም ለአዲሱ ሰፈሩ እርሱ ራሱ እንግዳ ስለሆነ ስልኩን ያወጣል። ሳናስበው፣ የአፍ ካርታውን አፍርሰን የኪስ ካርታውን ብቸኛ ምስክር እያደረግነው ነው።

ያ ምስክር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በስልክ ካርታ ላይ ስም የሚያወጣው ቀድሞ የጻፈው ነው። አንድ ሆቴል፣ አንድ የገበያ ማዕከል ስሙን ያስገባል፤ ኩባንያው ያጸድቃል፤ ነገ የሚመጣው ወጣት ሰፈሩን በዚያ ስም ይጠራዋል። የሳተላይቱ ፎቶ ሲታደስ የድሮው መንደር ከስክሪኑ ይጠፋል። የውስጥ ለውስጥ መንገዶቹ ስም፣ የጠላ ቤቶቹ፣ የመታጠፊያዎቹ ስም ድሮም አልተጻፉም ነበርና የሚያስታውሳቸው ማሽን የለም። ካዛንችስ የሚለው ስም እንኳ ይተርፍ ይሆናል፤ ውስጡ የነበሩት በርካታ ትንንሽ ስሞች ግን ያለ ቀብር ይሄዳሉ።

ሌላም አለ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቶ እንደነበር እናስታውሳለን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይለየው ነገር አለ። የሳተላይቱ ምልክት ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ከሰማይ በነፃ ይመጣል። ስልካችን ይሰማል እንጂ ለሳተላይቱ ምንም አይናገርም። ኢንተርኔት የሚፈልገው ካርታው፣ የትራፊኩ መረጃና የመኪና ጥሪው ነው። የት እንዳለን ለኩባንያዎች የሚናገረውም በዚያው መስመር ነው። ስለዚህ መስመሩ የተቋረጠ ዕለት ነጥቧ ባዶ ስክሪን ላይ ብቻዋን ትቀራለች። መንገዱን በጭንቅላቱ የያዘ ሰው ግን ያኔም ቤቱ ይገባል።

*ታዲያ ምን እናድርግ?*

ሦስት ነገር ብቻ።

አንደኛ፣ ስሞቻችንን እኛው እንጻፋቸው። በ2004 እንግሊዝ አገር የተጀመረው «ኦፕን ስትሪት ማፕ» ማንም ሰው ሊያርመው የሚችል፣ የአንድ ኩባንያ ንብረት ያልሆነ የዓለም ካርታ ነው። በአማርኛም በሌሎች ቋንቋዎቻችንም የቦታ ስም ይቀበላል። ከፒያሳና ከካዛንችስ የተነሡ አባቶችና እናቶች ዛሬ በሕይወት አሉ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው አጠገባቸው ቁጭ ብለው «እዚህ ጋ ማን ይባል ነበር?» ብለው ቢጽፉ፣ አሥር ዓመት ቆይቶ የሚቆጭ አይኖርም።

ሁለተኛ፣ የከተማ አስተዳደሩ አዲስ መንገድና አዲስ አድራሻ ሲሰጥ ቁጥር ብቻ አይስጥ። ሕዝቡ የሚጠራውን ስም ጠይቆ ታፔላው ላይ ያኑረው። ይህ ወጪ አይጠይቅም፤ መጠየቅን ብቻ ይጠይቃል።

ሦስተኛው የግላችን ነው። ከቤት ከመውጣታችን በፊት ካርታውን እንየው፣ የአካባቢያችንንም ካርታ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ስልካችን ላይ እናውርደው። ከዚያ ስልኩን ኪሳችን ከትተን በዐይናችን እንሂድ። ብንጠፋ ደግሞ እንጠይቅ። ለጠየቅነው ሰውም «አንተ ይህን ሰፈር ታውቀዋለህ» ብሎ ክብር መስጠት ነው።

በዓድዋው ሌሊት እውነቱ የነበረው በመንገድ መሪዎቹ አፍ ነበር፤ በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን ሌላ ነበር። ያኔ የተሳሳተው ስም የከፈለው ወራሪውን ነው። የዛሬው ካርታ ሲሳሳት ወይም ሲረሳ ግን የሚከፍለው ባለቤቱ፣ ሰፈርተኛው ነው።

እናንተስ? ካርታ ላይ የሌለ፣ እናንተና ጎረቤቶቻችሁ ብቻ የምታውቁት የሰፈራችሁ ስም የቱ ነው? ከዚህ በታች ጻፉልን፤ ቢያንስ እዚህ ተጽፎ ይቀመጥ።

ቸር እንሰንብት።